የተቃናው ምርኩዝ

አሮጊቷ መነጽራቸውን በሹራባቸው እጅጌ ጠርገው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ሟች ባላቸውን የሚያሳዩ ሥዕሎች የተጠረዙበት መጽሐፍ ከእቅፋቸው አይወርድም። ሥዕሎቹን በፎቶ እንዲገለብጥላቸው የመጡበት ፎቶ አንሺ ለሙከራ አንዱን ብቻ አንስቷል፤ "እሱን ካልመሰለ መጽሐፌን ይዤ እሄዳለሁ" ብለውታል።

ፎቶ አንሺው እንደ ልማዱ ደስ እያለው ያስረዳ ጀመር። "እማማ፣ የተጠረዘ መጽሐፍ ሲከፈት ገጹ ጥራዙ ጋ ይጎብጣል፤ እዚያ ያለው ሥዕልም በፎቶ ይጣመማል። ስለዚህ ቀጥ ያለ አንድ ነገር እመርጥና እስኪቃና በኮምፒውተር እስበዋለሁ። ሌላውም አብሮ ይቃናል።"

"እዚህ ላይስ ምኑን ሳብከው?"

"ባለቤትዎ የያዙትን ምርኩዝ።"

አሮጊቷ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። "ምርኩዙማ ድሮም ጎባጣ ነው፤ ባለቤቱም እንደዚያው። ይሄ ቀጥ ያለ ጎረምሳ የማን ነው?"

ፎቶ አንሺው ሥዕሉን እንደነበረ ሊመልሰው እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ሲሰድ አሮጊቷ ያዙት።

"ቆይ እስቲ። ዕድሜ ልኬን ቀጥ በል እያልኩ ጨቅጭቄው እምቢ ያለኝ ሰው ነው።"

ፀጉራቸውን በጣታቸው አስተካክለው ጠጋ አሉና ትክ ብለው አዩት። ከዚያ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት።

"በል አጉብጥልኝ" አሉ። "በዚህ ቁመናውማ እኔን አያገባኝም ነበር።"