ከወይራው ጋር የታሰረው አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት ቢሮአችን አዲስ ጠረጴዛ ገብቶ ነበርና የቫርኒሹ ሽታ ገና ከበሩ ተቀብሎ አስቆመኝ። ባልደረቦቼ መስኮት ከፍተው፣ አፍንጫቸውን ይዘው ሲያማርሩ፣ እኔ ቦርሳዬን እንደታቀፍኩ ቆሜ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጎንደር አዘዞ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጋ ክንፍ ሥር አጎንብሼ ስሾልክ ታየኝ። ቫርኒሽ ለሌላው ሰው የቁም ሣጥንና የአልጋ ሽታ ነው። ለእኔ የአባቴ ሽታ ነው፤ ከእሱም ጋር ዛሬም ድረስ ያልነገርኩት አንድ ነገር አብሮ ይመጣብኛል።

አባቴ ዘለቀ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ነበር። ከጠዳ እስከ አዲ አርቃይ፣ የየትኛውም መንደር ወፍጮ ቆመ ከተባለ የመፍቻ ቦርሳውን አንግቶ ይሄድ ነበር፤ ሲመለስም ቅንድቡ ላይ ዱቄት፣ ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ ይዞ ይመጣ ነበር። ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ስለማይርቅ፣ ጠዋት ጠዋት ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን ቆርቆሯችንን እያንቀጠቀጠ ሲያልፍ፣ አባቴ የጀመረውን ጉርሻ ሳይውጥ ደጅ ወጥቶ፣ ጭራው እስኪሰወር ድረስ አንጋጦ ያየው ነበር። ከዚያ ተመልሶ ይቀመጥና «ሞተር ነው እኮ፤ ሌላ ምንም አይደለም» ይል ነበር። በዕድሜው ነክቶት ያላስነሣው ሞተር ስላልነበረ እንዲህ ማለት መብቱ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከስልክ ቤት አንድ ቪዲዮ አስጭኖ መጣ። የማናውቀው አገር ገበሬ ነው፤ ከቧንቧና ከሸራ ሠርቶ፣ የሞተር ሳይክል ሞተር በገጠመለት ነገር ላይ ተቀምጦ ከማሳው በላይ ይንሳፈፋል። አባቴ ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየው ቆጥሬ አልዘልቀውም።

በዚያው ክረምት መንገዱ ጭቃ ሆኖ የወፍጮ ጥሪ ሲቀንስ ሥራው ተጀመረ። ዝናቡ ደጅ ስለማያሠራ ክንፉ ሳሎን ገባ፤ ክንፉ ሲገባ ወንበሮቹ ወጡ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረችና ሸራውን የሰፋችው እሷ ናት። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ «እኔ የምሰፋው ድንኳን ነው ብዬ ነው፤ ለልጄ ሠርግ ይሆናል» ትል ነበር። አባቴ ይስቅ ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር። ይህ ነገር የምር ይነሣል ብላ አንድ ቀን እንኳ ያሰበች አይመስለኝም፤ ባሏ ጠጅ ቤት ከሚውል ቤቱ ተቀምጦ ቧንቧ ቢያጎብጥ ትመርጥ ነበር። ሸራው ከተወጠረ በኋላ አየር እንዳያሾልክ ብሎ ደጋግሞ ቫርኒሽ ቀባው፤ እስከ መስቀል ድረስ ልብሳችን፣ ሽሯችን፣ የጸሎት መጽሐፋችን ሳይቀር ቫርኒሽ ይሸት ነበር። ጎረቤታችን አያ ሞላ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ በራችን ላይ ቆሞ «አያ ዘለቀ፣ ምነው? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማህም?» እያለ ይቀልድበት ነበር፤ ቢሆንም ቧንቧውንም ሸራውንም ከከተማ በመኪናው ያመጣለት እሱ ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ክንፉ ደጅ ወጣ። ሞተሩ ገደል ከገባ ሞተር ሳይክል የተረፈ ነበር። አየሩን የሚቀዝፈውን ፕሮፔለር አባቴ ከዋንዛ እንጨት ጠረበው፤ መሐሉን በስቶ ምስማር ላይ ይሰቅለውና የትኛው ጎን እንደሚያዘነብል አይቶ፣ ያንን ጎን በትንሹ ልጎ፣ እንደገና ይሰቅለው ነበር። ሞተሩን መጀመሪያ ሲሞክረው አውሮፕላኑ ሸሽቶ አጥሩን እንዳይንድ ጭራውን በወፍራም ገመድ ከጓሯችን ወይራ ጋር አሰረው። ሞተሩ ሲነሣ ዶሮዎቹ በሙሉ አጥር ዘለሉ፤ የእናቴ የተሰጣ ልብስ እስከ አያ ሞላ ግቢ ድረስ ሄደ። ገመዱ ተወጥሮ ሲንቀጠቀጥ ሳይ፣ ይህ ነገር መሄድ እንደሚፈልግ በዚያች ቅጽበት ገባኝ።

ጥምቀት አልፎ ሽንብራው ሲነሣ፣ አያ ሞላ ክንፉንና አካሉን ለየብቻ ጭኖ ጠዳ አወረደልን። አባቴ የሚያውቀው አንድ ገበሬ ማሳውን ፈቅዶለት ነበር። የመንደሩ ሰው እንደ ንግሥ ወጥቶ ቆመ፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነበር። አባቴ አውሮፕላኑ ላይ ተቀምጦ ሦስት ጊዜ ተንደረደረ። በሦስተኛው የፊት ጎማው ከመሬት ለቅቆ፣ ሕዝቡ እልል ብሎ፣ የኋላዎቹ ግን እምቢ ብለው፣ እስከ ማሳው ጫፍ እንዲሁ እየዘለለ ሄዶ ከቦዩ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። እናቴ ሮጣ ሄዳ አቧራውን ስታራግፍለት ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ነበር። አባቴ ግን ወደ ቤት እስክንመለስ ድረስ ዞሮ ዞሮ ማሳውን ያይ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የኮሶዬ ወፍጮ ተበላሽቶ ሲጠራ እኔን ይዞኝ ሄደ። ሥራውን ጨርሶ፣ መንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት ምሳ አብልቶኝ፣ እጄን ይዞ ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰደኝ። ከእግራችን ሥር አገር ምድሩ ተዘርግቶ፣ የታችኞቹ ቤቶች የሽንብራ ፍሬ አክለው ይታዩ ነበር። አባቴ ገለባ አንሥቶ ወረወረ፤ ነፋሱ ከገደሉ እየወጣ ገለባውን ከራሳችን በላይ ይዞት ሄደ።

«አየሽ ማሬ? ጠዳ ቆላ ነው፤ አየሩ ወፍራም ነው፤ ተጭኖ ያዘው። እዚህ ግን አየሩ ቀላል ነው፤ ሰማዩም ቅርብ ነው። ከዚህ ቢነሣ ማን ይይዘዋል?»

እኛ ደገኞች ነን፤ የከፍታ ሰው ሰማይ ይቀርበኛል ብሎ ያስባል። እኔም አመንኩት። ስላመንኩትም ነው የፈራሁት። ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ አያ ሞላ ጭኖ እንደሚያመጣለት፣ ከአያ ሞላና ከእኔ በቀርም የሚያውቅ እንደሌለ ነገረኝና «ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ ከበረርኩ በኋላ እኔው እነግራታለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። ወደ ገደሉ ቁልቁል አንድ ጊዜ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ዐይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አባቴ እዚያ ውስጥ ይወድቅ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። ምግብ አልበላ አለኝ፤ እናቴ ጾም ከበዳት ብላ ምሥርና ክክ ትለዋውጥልኝ ነበር። ጓደኛ የለኝም፣ ወንድም የለኝም፣ አባቴን አትሂድ እንዳልለው የሚሰማኝ አይመስለኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ አባቴ መቀመጫው ላይ የሚታሰርበትን ቀበቶ እየሰፋች፣ ዳግም ጠዳ ላይ የሚሞክር መስሏት እየሳቀች፣ «እንዳይፈናጠር አጥብቄ ልስፋለት» አለች። ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። ኮሶዬንም፣ ገደሉንም፣ ዳግማይ ትንሣኤንም ሁሉንም ዘረገፍኩት። እናቴ የመኪናዋን መዘውር በመዳፏ አስቁማ፣ ክሩን ቆርጣ፣ «ከአፌ አይወጣም፤ አንቺ አልነገርሽኝም» አለችኝና ነጠላዋን ለብሳ ወደ ንስሐ አባታችን፣ ወደ አባ ተክሌ ሄደች።

አባ ተክሌ በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። አባቴ ጸበል የሚረጩለት መስሎት ደስ ብሎት ተቀበላቸው። በአውሮፕላኑ ዙሪያ ዞሩ፤ ሸራውን በመቋሚያቸው መታ መታ አድርገው፣ ፕሮፔለሩን ዳሰሱና «ሸጋ ሥራ ነው ልጄ፤ እጅህ ይባረክ» አሉት። ከዚያ መስቀላቸውን አወጡ።

«ዘለቀ፣ ገዝቼሃለሁ። እኔ እስክፈታህ ድረስ ይህን ነገር ከመሬት እንዳታነሣው።»

አባቴ መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎት ፈገግ አለ። ቀጥሎ እናቴን አየ፤ እናቴ መሬት መሬት ታይ ነበር። የንስሐ አባት ግዝት እኛ ዘንድ እንደ አጥር የሚዘለል ነገር አይደለም። አባቴ ተንበርክኮ መስቀሉን ተሳለመ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ፣ እጄ ላይ የነበረውን ዳቦ መያዣ መጣያ አጥቼ፣ አዳንኩት ወይስ ገደልኩት የሚለውን በዚያ ዕድሜዬ መለየት አቃተኝ።

ማን እንደተናገረ አልጠየቀም፤ መጠየቅም አላስፈለገው። የኮሶዬን ነገር የሚያውቀው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ልጁን አልጠረጠረም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ አያ ሞላን ሰላም አላለውም። አያ ሞላ ብዙ ጊዜ በራችን ድረስ መጥቶ «ምነው ወንድሜ፣ ምን በደልኩህ?» እያለ ደጅ ጠና፤ አባቴ ሞተሩን እያስጮኸ ድምፁን ይውጠው ነበር። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል፤ በእኔ አነጋገር የተፈረደበት ግን አያ ሞላ ነበር። እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ክረምት ሲመጣ አውሮፕላኑ ላስቲክ ይለብሳል፤ መስከረም ሲጠባ ይገለጣል፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ ከወይራው ጋር አጥብቆ አስሮት፣ ራሱ ላይ ሻሽ ጠምጥሞ ይቀመጥበትና ሞተሩን ያስነሣዋል። ከመሬት እስካልተነሣ ግዝቱ አልተጣሰም። ገመዱ ይወጠራል፤ ሸራው ይርገበገባል፤ የወይራው ቅጠል ይረግፋል፤ አባቴ ፊት ለፊቱ ያለውን የጭቃ አጥር እያየ መሪውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዞራል። ቤንዚኑ ሲያልቅ ይወርዳል። በየትንሣኤው አባ ተክሌ ዘንድ ሄዶ ፍቱኝ ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም «ልጅህ ትደግ፣ ከዚያ እናያለን» ይሉት ነበር። እኔ ግን ቶሎ አላድግ አልኩ። በአንድ ሐምሌ፣ ሳይፈቱት አረፉ። አባቴ በቀብሩ ላይ ከዘመዶቻቸው ይበልጥ ሲያለቅስ አገሩ ሁሉ ፍቅሩን አደነቀለት። እናቴ ራሷ ተጸጽታ «ሌላ ካህን ይፍታህ፤ እኔ ሄጄ እለምንልሃለሁ» ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። «ያሰሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የሚፈቱኝም እሳቸው ነበሩ» አላትና ላስቲኩን አለበሰው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ምህንድስና አጠናሁ፤ ለምን እንደመረጥኩት ማንም አልጠየቀኝም። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህር ሰሌዳው ላይ ክንፍ ሥሎ፣ ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ እንደሚሳሳ፣ አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት እንደሚያጣ፣ ሞተሩም ትንፋሽ እንደሚያጥረው አስረዳን። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ጠዳ ላይ ያልተነሣ ነገር ኮሶዬ ላይ ጭራሽ አይነሣም ነበር። የእኛ ሰው ስሕተት ነው፤ ቀላል አየር ለመብረር ይቀላል ብሎ ማመን። አባቴን ገደሉ ይበላው ነበር፤ ያዳንኩት እኔ ነኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ያለቀስኩት ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው፤ ምክንያቱም አባቴ የሚኖረው ይነሣ ነበር በሚለው ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጎንደር የምመላለሰው በአውሮፕላን ነው። ለማረፍ ዝቅ ሲል ቆርቆሯችንን በመስኮት እፈልገዋለሁ። ሸራውን እናቴ የማገዶ መሸፈኛ አድርጋዋለች፤ በቧንቧዎቹ ላይ ልብስ ይሰጣል፤ ፕሮፔለሩ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከቅዱሳን ሥዕል በታች ተሰቅሏል። ወይራው የገመዱ ጠባሳ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ቀርቶበታል። አያ ሞላ እርጅና ተጭኖት ከበሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይውላል፤ ሳልፍ እስመዋለሁ፣ ዐይኑን ግን አላየውም።

ባለፈው ፋሲካ ስመለስ አባቴ እንደ ልማዱ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ድረስ ሸኘኝ። ቦርሳዬን ይዞልኝ፣ ማኮብኮቢያውን በሽቦው ቀዳዳ እያየ፣ «ልክ መሬቱን ሲለቅ ሆድሽ ውስጥ ምን ይልሻል?» አለኝ። ሁልጊዜ ይጠይቀኛል። ቀለል ይላል አልኩት። ወደ እኔ ዞረ።

«ኮሶዬ ቢሆን ኖሮ ይነሣ ነበር። አይደል? አንቺ ተምረሻል፤ ንገሪኝ።»

ያኔ አንዲት ቃል አፌ ውስጥ ማቆየት አቅቶኝ ነበር። አሁን ግን እውነቱን ማውጣት አቃተኝ።

«ይነሣ ነበር፣ አባዬ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ ፊቱ እንደዚያን ቀን፣ ገለባውን እንደወረወረባት ቀን በራ።

«ያ ሞላ ባይነግርብኝ ኖሮ» አለና ቦርሳዬን አቀበለኝ። ተቀብዬው ገባሁ።