በኬላው ላይ የተፈታው ክታብ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጣሊያን ጊዜ፣ ሁለተኛ ልጄን ክርስትና ባስነሣሁበት ዕለት ነው። ዘመኑ ርቋል፤ እኔም ጥርሴ አልቆ ቆሎን በወሬ ብቻ የማውቅ አሮጊት ሆኛለሁ። ነገር ግን የክርስትና ጥሪ በመጣልኝ ቁጥር ያ ኬላ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። መጀመሪያ ብቻዬን እስቃለሁ። ቀጥሎ አንድ ሰው ትዝ ይለኝና አፍራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ካደጉ በኋላ ስለሆነ ጽሑፌ ቢያነክስ አንባቢ ይታገሠኝ።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ዳር ነበር። ጣሊያን ምሽጉን ሲሠራ ሰፈራችንን በሽቦ አጠረው። እኛ ከሽቦው ውስጥ ቀረን፤ ምንጫችን፣ እርሻችንና አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን ከሽቦው ውጭ ቀሩ። መውጫውም መግቢያውም አንድ ኬላ ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ለፋፊ መጣና ለየቤቱ አንድ ማኅተም ያለበት የይለፍ ወረቀት እንደሚሰጥ፣ ያለዚያ ወረቀት በኬላው ማለፍ እንደማይቻል ለፈፈ። ተሰልፈን ተቀበልን። ከዚያ ጭንቁ መጣ። የት ይቀመጥ? ቤቱ ያፈሳል፤ አይጡ ድመት አይፈራም፤ ባሌ ዳኘው ደግሞ እጁ ላይ የያዘውን ዱላ «የት አደረስሽው?» ብሎ እኔን የሚጠይቅ ሰው ነው።

መላ ያመጡት መሪጌታ ፈንቴ ናቸው። መሪጌታ ለሰፈሩ ሁሉ ክታብ የሚጽፉ፣ የጻፉትንም በቀይ የፍየል ቆዳ ለብደው በክር አንገት ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ነበሩ። «ማኅተም ያለው ነገር ቦታው አንገት ነው» አሉና የእኛን ወረቀት አጣጥፈው እንደ ክታብ ሰፉልን። በሳምንቱ የሰፈሩ ወረቀት ሁሉ ቆዳ ለበሰ።

ኬላው ላይ የሚቆመው ጠባቂ፣ ታከለ የሚባል፣ ከዚያው ከእኛ አገር የተመለመለ ወታደር ስለነበር ነገሩ ገብቶታል። ሰው ሲያልፍ ክታቡን ከደረቱ ብድግ አድርጎ ያሳየዋል፤ ታከለም «እለፍ» ይላል። አንዳንዱማ የእውነቱን የቡዳ ክታብ እያሳየ ያልፍ እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ።

አማቴ እማማ ይታይሽ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። የሰፈሩ ወሬ በእሳቸው በኩል ሳያልፍ የትም አይደርስም። ማን አረገዘች፣ የማን ላም ነጠፈች፣ የትኛው ፈረንጅ ሆዱን አመመው፣ ሁሉንም ከባለቤቱ ቀድመው ያውቃሉ። ሰውንም ደግና ክፉ ብለው የሚለዩልን እሳቸው ነበሩ። ከክፉዎቹ ሁሉ ክፉ ያሉት የጣሊያኑን አስተርጓሚ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበር፤ ስሙን የሚያውቅ የለም። «ምላሱን የሸጠ ባንዳ» ይሉታል እማማ ይታይሽ። እሱ ሲያልፍ ሰፈርተኛው ምራቁን እንትፍ ይላል። እኔም ተፍቻለሁ።

አሁን ስለ ልጄ ልናገር። የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነበር፤ በተወለደ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ክርስትና ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተብኝ። ስላልተጠመቀ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀበረ። ስለዚህ ሁለተኛው ሲወለድ እያንዳንዷን ቀን በጣቴ ቆጠርኩ። በአርባኛው ቀን ካልተጠመቀ ይኸኛውም ይሄድብኛል የሚል ፍርሃት አንጀቴ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ጠዋት እማማ ይታይሽ ይለፉን ከዳኘው አንገት አወለቁና ከልጁ ሁለት የቡዳ ክታቦች ጋር በአንድ ክር አስረው ልጁ አንገት ላይ አንጠለጠሉት። «የፈረንጅን በር የከፈተ ወረቀት የቡዳን ዓይን አይዘጋም ብለሽ ነው?» አሉኝ። ሦስቱም የመሪጌታ ስፌት፣ ሦስቱም ቀይ፣ ሦስቱም ቆዳቸው እንዳይደርቅ እማማ ይታይሽ በየሳምንቱ በቅቤ የሚያሿቸው ናቸው። የልጄ አገጭ ከክታቡ ብዛት አልታይ አለ።

ሃያ የምንሆን ሰዎች ድፎ ዳቦውንና የጠላ እንስራውን ይዘን ወጣን። መሪጌታም አብረውን ነበሩ። ኬላው ስንደርስ ታከለ ብቻውን አልነበረም። አዲስ የመጣ የጣሊያን መኮንን ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ያ አስተርጓሚ ቆሟል። እኔ ምን አውቄ፣ ክታቦቹን ብድግ አድርጌ አሳየሁ። ታከለ «እለ…» ብሎ ጀመረና መኮንኑ ሲያየው የቀረውን ዋጠው።

«ወረቀታችሁን አምጡ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ይኸውና፣ አንገቱ ላይ» አልኩ።

«የትኛው ነው?»

እኔ ዳኘውን አየሁት፤ ዳኘው እናቱን አየ፤ እናቱ መሪጌታን አዩ፤ መሪጌታ ሰማዩን አዩ። የሚያውቅ ሰው የለም። በዚህ መሐል ከሽቦው ማዶ ደወል ተደወለ። ቅዳሴ ሊገባ ነው፤ ከገባ ደግሞ የዚያን ዕለት ጥምቀት የለም፤ አርባው ያልፋል። እንባዬ መጣ።

መኮንኑ ትዕግሥቱ አለቀና ሰንጢ አወጣ። እማማ ይታይሽ «ኧረ በማርያም! ክታብ የፈታ እጅ ይሰባበራል በለው!» ብለው ጮኹ። አስተርጓሚው ይንገረው አይንገረው አላውቅም፤ መኮንኑ ግን የመጀመሪያውን ክታብ ቀደደው።

ከውስጡ አንድ ወረቀት ወጣ። በአንደኛው ፊት በቀይና በጥቁር ቀለም የተጻፈ ጸሎት፣ መካከሉ ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖችና ሰይፍ የያዘ መልአክ አለ። አስተርጓሚው አየት አደረገና የቡዳ መከላከያ መሆኑን ነገረው። ይለፉ አይደለም። መኮንኑ ግን ሥዕሉ ደስ ብሎት መሰለኝ፣ ያገላብጠው ጀመር። ጀርባውም ላይ ጽሑፍ ነበረበት፤ ከግርጌው ክብ ማኅተም።

በዚህ ጊዜ መሪጌታ ፈንቴ ከኋላዬ ዘጭ ብለው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ።

ምስጢሩን የሰማሁት ኋላ ነው፤ ግን እዚህ ልናገረው። በዚያ ዘመን ብራና ጠፍቶ ነበር። ዱር ያሉት አርበኞች ደግሞ ለሰፈራችን ሰዎች ደብዳቤ ልከው ነበር። እህልና ጥይት በየት በኩል ይውጣልን፣ ኬላው ላይ ስንት ጠባቂ አለ ብለው ይጠይቃሉ። መሪጌታ ደብዳቤውን ለጥቂት ሰዎች አነበቡ፤ ሲያበቁም እንዲያቃጥሉት ተነገራቸው። እሳቸው ግን ጀርባው ባዶ የሆነ ጥሩ ወረቀት ማቃጠል አንጀታቸው አልቻለም። የልጄን ክታብ ጻፉበት። ልጄ ሰፈሩን በሙሉ የሚያሰቅል ደብዳቤ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጡት ሲጠባ ከርሟል።

እማማ ይታይሽ ይህን ከየት ይወቁ? መሪጌታ ሲንበረከኩ፣ ጸሎቱ ከባድ ቢሆን ነው ብለው እሳቸውም ተንበረከኩ። እሳቸውን አይቶ ዳኘው፣ ዳኘውን አይቶ ሰፈርተኛው በተራ በተራ ወረደ። እንስራ የተሸከመችው ጎረቤታችን እንኳ እንስራዋን ሳታወርድ እንደ ምንም ብላ ተንበረከከች። ታከለም ግራ ገብቶት ቆቡን አወለቀ።

መኮንኑ ደነገጠ። ወረቀቱን ለአስተርጓሚው ዘርግቶ ጠየቀው። አስተርጓሚው ማንበብ ጀመረ። ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። ዓይኑ ከመስመር ወደ መስመር ሲወርድ፣ ማኅተሙ ላይ ሲደርስ አየሁት። ከዚያ ቀና ብሎ ልጁን አየ። እኔን አየኝ። መንገዱ ላይ የተንበረከከውን ሁሉ አየ። ሁላችንም የተፋንበት ሰዎች ነን።

ለመኮንኑ ረዘም አድርጎ ነገረው። ወደ እኛም ዞረና በአማርኛ፣ «የፊተኛው ጸሎት ቅጥያ ነው፤ ሕፃኑን፣ ወላጆቹንና ሰፈሩን ይጠብቅ ይላል ብዬዋለሁ። አሜን በሉ» አለን።

«አሜን!» አልን። መሪጌታማ ሦስት ጊዜ አሉ።

መኮንኑ ማኅተሙ ላይ ጣቱን አኖረ። አስተርጓሚው ምን እንደመለሰለት ያኔ አልገባኝም፤ የፈረንጁን ቋንቋ ትንሽ ትንሽ የለቀመው ታከለ ነው ኋላ የነገረን። «ጋኔን የሚያስረው የሰሎሞን ማኅተም ነው» ብሎታል።

መኮንኑ ሳቀ። ጭራሽ ወረቀቱን አጠፈና ወደ ደረት ኪሱ ሊከተው! ለአገሩ ሰው ሊልከው አስቦ ኖሯል። መሪጌታ ከጉልበታቸው ወደ ግንባራቸው ወረዱ። አስተርጓሚው ግን ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ አንድ ነገር ተናገረ። መኮንኑ ወረቀቱን እንደ ትኩስ ፍም በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰለት። «ለሌላ ሰው የተጻፈ ክታብ የያዘ ሰው ፀጉሩ ይረግፋል» ብሎት ነው አለን ታከለ። መኮንኑ ቀድሞውንም ፀጉሩ የሳሳ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መኮንኑ ክታብ የሚባል አልነካም። ሰንጢውን ለታከለ ሰጠው፤ ታከለ አማተበና ለእማማ ይታይሽ ሰጣቸው፤ እማማ ይታይሽ ሰንጢውን ትተው የሁለተኛውን ክታብ ስፌት በጥርሳቸው በጠሱት። እግዜር ሲረዳን ይለፉ ወጣ። ቅቤው ዘልቆት ወዲያ ማዶ ያሳያል፤ ማኅተሙም ተስፋፍቶ እንጎቻ አክሏል። መኮንኑ አሸተተው፣ ፊቱን አጨማደደ፣ የሌሎቹን ወረቀት ሳይጠይቅ በእጁ «ሂዱ» አለን።

አስተርጓሚው ያን ወረቀት አጣጥፎ መዳፌ ውስጥ አኖረው። «እኅቴ፣ ይህ ጸሎት ለልጅ ይከብደዋል። ዛሬውኑ እሳት ይብላው» አለኝ ቀስ ብሎ። ምስጢሩን ባላውቀውም ከፊቱ አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። ልጄን ታቅፌ ሮጥኩ።

ካህኑ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ዲያቆኑ ቅዳሴ ይግባ ቢላቸው፣ «ትንሽ ታገሥ፤ የዚህችን ሴት የፊተኛ ልጅ ከቅጥር ውጭ ያስቀበርኩት እኔ ነኝ» ብለው ከልክለውታል። ልጄ ተጠመቀ። ውሃው ሲነካው ኬላው ድረስ የሚሰማ ጩኸት ጮኸ፤ እኔም ከእሱ አላነስኩም፤ ከደስታ ብዛት አለቀስኩ።

ወረቀቱን ለካህኑ ሰጠኋቸው። አንብበው ፊታቸው ዐመድ ሆነ። በጽናው ፍም ላይ ጨመሩት። ሦስተኛውን ክታብ ራሳቸው ፈቱት፤ ደግነቱ ብራና ነበር። ቀጥለው መሪጌታን ገለል አድርገው ስግደት ሰጧቸው። እኛ ድፎውን ቆርሰን፣ በልተን፣ ጠጥተን ስንነሣ እሳቸው ገና እየሰገዱ ነበር።

ሰፈሩ ውስጥ ግን የመሪጌታ ስም ገነነ። ፈረንጅን አስደንግጦ ያስለቀቀ ክታብ ጻፉ ተባለ። «ያንኑ ዓይነት ጻፉልኝ» የሚለው ሰው ደጃቸውን አጣበበው። እሳቸውም «የዚያ ዓይነት አልቋል» እያሉ ይመልሱ ነበር።

የባሰባቸው እማማ ይታይሽ ናቸው። ካህኑ ምስጢሩን ለቤተሰባችን ነግረው ነበር፤ አንድ ቃል ካመለጠ ሰፈሩም አስተርጓሚውም እንደሚያልቁ አስጠንቅቀውናል። በዕድሜያቸው ከገጠማቸው ወሬ ሁሉ ትልቁ ይኸው፣ መናገር ግን የለም! እማማ ይታይሽ እህል አልወርድ አላቸው። በመጨረሻ መላ አገኙ፤ ለነፍስ አባታቸው መናዘዝ ይፈቀዳል። ነፍስ አባታቸው እኚያው ካህን ናቸው። በየሳምንቱ እየሄዱ ያንኑ ታሪክ ይናዘዙ ጀመር። በአምስተኛው ካህኑ «እማማ ይታይሽ፣ ይህ እኮ ኃጢአት አይደለም፤ ደግሞም አውቀዋለሁ» ቢሏቸው፣ «ማወቅዎንስ አውቃለሁ አባቴ፤ ብቻ ሲሰሙኝ ይቀለኛል» አሉ።

ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል። ምስጢሩን መያዝ ማለት ያን ሰው እንደ ድሮው ማየት ማለት ነበር። በሰፈራችን ሲያልፍ ሰው እንትፍ ይላል። እኛ ብቻ ብንተው «ምን ብታገኙ ነው?» እንባላለን። እማማ ይታይሽ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው የተፉ ይመስላሉ እንጂ አይተፉም። እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ይገባው እንደሆነ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ልጄን አዝዬ ስንተላለፍ የልጁን እግር በጣቱ ነካ አድርጎ አለፈ።

ጣሊያን ለቆ ሲወጣ እማማ ይታይሽ በማግስቱ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞረው ሁሉንም ተናገሩ። ሰው ራሱን ያዘ። ፈልገን እናመስግነው ብለው ወጡ፤ አልተገኘም። አንዱ ዱር ገብቶ ሞቷል አለ፤ ሌላው አገሩ ገብቷል አለ። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ምን ብለን እንደምንጠይቅ እንኳ ጠፋን።

ኬላው ላይ ለእኚያ ሰው እግዜር ይስጥልኝ አላልኩም፤ ፈርቼ ነበር። ከዚያም በኋላ አላልኩም፤ ሰው እንዳያየኝ ፈርቼ ነበር። በሕይወት ካሉና ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ ያ ሕፃን አድጎ፣ ሸምግሎ፣ የሰባት ልጆች አባት ሆኗል። እግዜር ይስጥልኝ።