ጭስ ያልቻለው ጆግ

ነገሌ ሱቅ በነበረኝ ዘመን፣ በረንዳዬ ላይ አንዲት የቦረና አሮጊት ጎርፋ ይሸጡ ነበር። ጎርፋ ከዕፅዋት ሥር የሚሰፋ የወተት ዕቃ ነው። የእሳቸው ጠብታ አያፈስም፤ አንዱን ለመጨረስ ግን ወራት ይፈጅባቸዋል።

እኔ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ የፕላስቲክ ጆግ ከነክዳኑ በሞያሌ በኩል በጭነት መኪና አስመጣሁ። መጀመሪያ የገዛችው ሴት ወተቱ እንዳይበላሽ እንደ ጎርፋ ላጥነው ብላ ፍም ብትከትበት ቀለጠባትና ይዛው ተመለሰች። አሮጊቷ ሳቁ።

"ጭስ የማይችል ዕቃ ደግሞ ወተት ሊያስቀምጥ ነው?" አሉኝ።

ተናደድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለገዢው ሁሉ "ይሄ መታጠን አያስፈልገውም፣ በውሃ ለቅለቅ ማድረግ ነው" እያልኩ ሸጥኩ። ወተቱ በማግስቱ እንደሚኮመጥጥ ቤቴ አይቼዋለሁ፤ ትንፍሽ አላልኩም።

ሁለት ክረምት እንዳለፈ አሮጊቷ ራሳቸው ጆግ ሊገዙ መጡ።

"አካም፣ ናጋ? አንቱም መጡ?" አልኳቸው።

"ልጆቼ መስፋት እምቢ አሉ። ጆግ እያለ ጎርፋ ማን ሊገዛን ነው ይላሉ።"

ጆጉን አጥቤ ሰጠኋቸው።

እኔ ባልሸጠው ሌላው ይሸጠው ነበር፤ በዚህ ራሴን አጽናናለሁ። የሚያንገበግበኝ መኪናው ነው። ጆጉን ካራገፈ በኋላ ሁልጊዜ ባዶውን ነበር ወደ ሞያሌ የሚመለሰው። አንድም ቀን ሾፌሩን "የእሳቸውን ጎርፋ ጫንና እዚያ ለነጋዴዎቹ አሳይልኝ" አላልኩትም።