ከብርማው ቀለም ሥር

ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለው የጡረተኛ ወታደሮች እድር ግቢ፣ ከአዳራሹ ደጃፍ አንድ አሮጌ መድፍ ቆሟል። አባቴ በወጣትነቱ ምሥራቅ ግንባር የተኮሰበት ነው። እድሩ ለበዓል በርና አጥር ባስቀባ ቁጥር የተረፈው ቀለም ለመድፉ ይደርሰዋል። የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሲሰፋ የእድሩም አጥር ተነሣና መድፉ ከነብርማ ቀለሙ ለአላፊ አግዳሚው ተጋለጠ። የእድሩ ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡ ሻምበል፣ አፈሩ።

“የድግስ ብረት ድስት መሰለ እኮ” አሉኝ። “አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ አጣሪልን። የዱሮ ቀለሙ ይመለስ።”

ከአባቴ የሚቀርብ ምንጭ አልነበረኝም። መድፉ ላይ ከተመደቡት ወታደሮች በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። ስጠይቀው ሳያመነታ “ቡኒ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ” አለ።

በዚያ ሰሞን ቤታችን ሌላ ክርክር ነበረበት። እህቴ አባቴን ሰሚት ወዳለው ኮንዶሚኒየሟ ልትወስደው ትፈልጋለች። ይረሳል፤ ምድጃ ለኩሶ ይወጣል። እሱ ደግሞ ካሳደገን ቤት ንቅንቅ አልልም ብሏል። ስለዚህ ቀለሙን ሲናገር እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። እሱም አያት።

“ፋቁትና እዩ” አለ።

ከሥራ መልስ ምላጭና የብርጭቆ ወረቀት ይዤ የመድፉን ጋሻ፣ ከፊቱ የቆመውን መከለያ ብረት፣ አንድ ጥግ ፋቅኩ። ከብርማው ሥር የበሩ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር የአዳራሹ ክሬም፣ ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከዚያ ብረት። ቡኒ የለም። ሌላ ቦታ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

ለአባቴ ነገርኩት።

“እንግዲህ እህትሽ ልክ ናት ማለት ነው” አለ። ቆይቶ ሻንጣው የት እንዳለ ጠየቀኝ።

በማግስቱ የአረንጓዴውን ቅራፊ በወረቀት ጠቅልዬ ፒያሳ ቀለም ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ የቀለም ናሙናዎቹን ከቅራፊው ጎን እያስጠጋ አየ።

“ይሄኛው ይቀርባል። ግን ለበር ነው የምንሸጠው፤ ለጦርነት አልሞከርነውም።” ከዚያ ቅራፊውን መለሰልኝ። “በዚህች ጥፍር በምታክል አልፈርድም። ሰፋ ያለ አምጪ።”

ሰፋ ያለ ፍለጋ ከጋሻው ጀርባ ተንበረከክኩ። እድሩ የሚያስቀባው ከፊት የሚታየውን ብቻ ስለሆነ እዚያ ብርማውም ሰማያዊውም አልደረሰም። ከብሎኖቹ ሥር፣ አረንጓዴው ላይ፣ ቀይ ቡኒ ነገር ደርቆ ተጋግሯል። በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። ቀለም አይደለም። ዘይት የጠጣ አፈር ነው።

በመዳፌ ይዤ ወሰድኩለት። በጣቶቹ አሸው።

“ጭቃና የተቃጠለ የሞተር ዘይት” አለ። “አውሮፕላን እንዳያየን እኛ ነን የቀባነው። ይረግፋል፣ እንቀባለን። ደግሞ ይረግፋል።”

“ታዲያ ጭቃ ነው አትለኝም ነበር?”

“ቀለሙ ምን ነበር አልሽ፤ ነገርኩሽ። ማን ቀባው ብለሽ መቼ ጠየቅሽኝ? አንቺ ጋዜጠኛ!”

ካሁን በኋላ በየትኛው እናስቀባው አልኩት።

“በአረንጓዴው። ቡኒ አድርጋችሁት በየበዓሉ ልታሳዩኝ ነው? ያ ጭቃ በቅቶኛል።”

ለእህቴ ደውዬ ያገኘሁትን ነገርኳት። አባታችን ልክ ነበር፣ ቀለሙን አልረሳም አልኳት።

“ምድጃውስ?” አለች።

“ምድጃውም እውነት ነው።”

ሁለታችንም ደክሞናል። ቢያንስ መድፉ ተቀብቶ እስኪያልቅ እሱ እዚሁ ቤቱ ይቆይ ተባባልን። ለእሱም ይህንኑ ነገርነው።

አሁን አባቴ ከአዳራሹ ደጃፍ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ቀቢዎቹን ይቆጣጠራል። “ቀስ በሉ” ይላቸዋል። “የመጀመሪያው በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛውን እንዳትደርቡ።” ለቀለሙ ጥራት ይመስላቸዋል።