አያቴ በቁማቸው የሰሙት የሕይወት ታሪክ

ይህ ነገር ሊጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አመነታሁ። ስለ ተዋጊ ጄት አብራሪ ነው ሲባል አንባቢ የሚጠብቀው የሰማይ ላይ ውጊያ ነው። እኔ ያለኝ ግን ስምንት ጊዜ የተሰረዘ ወረቀት፣ ማንም ሳይሞት የተተከለ ድንኳንና በራሴ አፍ ያመጣሁት ጣጣ ብቻ ነው። ቢሆንም ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ልሞክር።

አያቴ በምሥራቁ ጦርነት ጊዜ ተዋጊ ጄት ያበሩ ነበር። ኋላ ሠራዊቱ ሲበተን ወደ መርሳ ተመልሰው ብርቱካንና ማንጎ ተከሉ። ከአብራሪነታቸው ይልቅ በአትክልተኝነት የኖሩት ዘመን ይበልጣል፤ የመርሳ ሰው ግን «ሻምበል» ማለቱን አልተወም። እኔ ወልድያ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት እሳቸው ቤት ስመጣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣

«ተምረሻል አይደል? በይ የቀብሬን ወረቀት ጻፊልኝ» አሉኝ።

የቀብር ወረቀት የሚጻፈው ሰው ከሞተ በኋላ በጥድፊያ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስከሬኑ ፊት ይነበባል፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ ባለታሪኩም ተነሥቶ አይከራከርም። አያቴ ግን በቁማቸው ሊከራከሩ ፈለጉ።

መከራዬ የጀመረው ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ብዬ ጻፍኩ።

«ምን ማለት ነው? ዕድሜዬ ካለፈ በኋላ ነው የገባሁት። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ጢም ነበረኝ።»

«አባባ፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

«እንዲህ ነው የሚዋሸው በይ። ሰርዢው።»

ሰረዝኩ። «ሰው አክባሪና ታጋሽ ነበሩ» የሚለውንም የውርጌሳን አንድ ሹፌር በጥፊ መትቻለሁ ብለው አስወጡት። ሹፌሩ በሕይወት ካለ ቀብር ላይ መጥቶ ይስቃል አሉ። ደግሞ የጻፍኩትን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ድምፄን ከፍ አድርጌ እንድደግምላቸው ያዝዙኛል። ከሰሙ በኋላ «ተሰምቷል» ይላሉ። አብራሪ በሬዲዮ የታዘዘውን ቃል በቃል ካልደገመ እንዳልተባለ ይቆጠራል፤ ያ ልማድ አልለቀቃቸውም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ የመስኖ ውሃ ተራቸው ሲደርስ፣ ማሳው ዳር ቆመን ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል አካፋቸውን ይዘው ቦዩን ሊቀይሩ ይሄዳሉ። እኔ ጭቃ ውስጥ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲመለሱ የቱ ጋ እንደነበርን ይጠፋቸዋል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የሜዳዩን ነገር ነው።

አያቴ በጦርነቱ ጊዜ ሜዳይ ተሸልመዋል። ሜዳዩ ያለው እሳቸው ጋ አይደለም። ወልድያ የመኪና መለዋወጫ የምትሸጠው ልጃቸው፣ አክስቴ ጋ ነው፤ ከፍሬን ሸራውና ከፊልትሮው በላይ፣ መስታወት ውስጥ፣ ከወጣትነት ፎቷቸው ጋር ተሰቅሏል። እዚያ ሳየው ስላደግኩ በሦስተኛው አንቀጽ አምሮ እንዲወጣ ደክሜበት ነበር።

«የሜዳዩን አውጪው» አሉኝ።

«ለምን፣ አባባ?»

«አይገባኝም። በማይገባኝ ነገር ተወድሼ መሬት መግባት አልፈልግም። በይ ድገሚልኝ።»

«ሜዳዩ አይገባም።»

«ተሰምቷል» አሉና ወደ ቦዩ ሄዱ። ምክንያቱን አልነገሩኝም።

በገበያው ቀን አክስቴ መጣችና ረቂቁን አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«የት አለ ሜዳዩ?»

«አባባ አይግባ ብለው ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሜዳይ የሌለበት የአብራሪ ታሪክ ምኑ ታሪክ ነው? ፊልትሮ ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ እሱን ሳያይ አይወጣም። ነገ በቀብሩ ቀን ያ ሁሉ ሰው ሜዳዩስ ቢለኝ ምን ልበል? ሰረቀችው ልባል ነው?»

«እሺ» አልኳት።

እሺ ማለት ይቀናኛል። ለአያቴም እሺ ብያለሁ፣ ለአክስቴም እሺ አልኩ። ከዚያም ሁለት ቅጂ ጻፍኩ፤ አንድ ሜዳይ ያለው፣ አንድ የሌለው። አያቴ በሕይወት ሳሉ የሳቸውን ይሰማሉ፣ ከሞቱ በኋላ አክስቴ የራሷን ታስነብባለች፣ ማንም አይከፋም ብዬ ነበር። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ። ያኔ ግን ብልህነት መስሎኝ ነበር።

አክስቴ ያዘዘችኝን ቅጂና ፎቷቸውን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ያን ዕለት አያቴ ልባቸውን ሊታዩ ወልድያ ሄደው ነበር። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ተቀበለችኝ፣ ፎቶውን አየች፣ ክፍት አላት።

«ሻምበል ናቸው? ውይ! ነፍስ ይማር።»

ነፍስ ይማር ሲባል አሜን ይባላል። እኔም «አሜን» አልኩ። ሥርዓት አዋቂ ነኝና። ልቤ ያለው «ሜዳይ» የሚለውን ቃል እንዳታሳስተው ነበር። «ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ» ብያት ወጣሁ።

በሕይወት ያለ ሰው የቀብር ወረቀት ያስጽፋል ብሎ የሚያስብ መርሳ ውስጥ የለም። ልጅቷ ለእድሩ ጸሐፊ ነገረችው። እሱም ሻምበል ጠዋት ወልድያ ሐኪም ጋ ሲሄዱ አይቷቸዋል። ነገሩ ገጠመለት። ደውሎ እንዳያጣራ ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አያቴ ደግሞ በመጨረሻው ሚኒባስ አምሽተው ሲገቡ ማንም አላያቸውም። ጎሕ ሳይቀድ የውሃ ተራቸው ስለነበር አካፋቸውን ይዘው ወጡ።

ጥሩንባው ሲነፋ ሰምቻለሁ። ማን ሞቶ ይሆን ብዬ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩት።

ከበራችን ላይ የወንዶች ድምፅ ስሰማ ነው የወጣሁት። ድንኳን እየተተከለ ነው። አስከሬኑ ከወልድያ እስኪመጣ እንድረስ ብለው ነው። በጭላንጭሉ አንዱን ምሰሶ ግጥም አድርገው ይዘው የቆሙት፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ የሆነው ሰው አያቴ ናቸው። ከማሳው ሲመለሱ መንገዱ ላይ ድንኳን አይተው ጎረቤት የሞተ መስሏቸው፣ እንደ ማንኛውም የእድር አባል ምሰሶ አንሥተዋል።

«ጠበቅ አድርገው ያዙት እንጂ!» አለ ካስማ የሚመታው የእድሩ ዳኛ፣ ቀና ሳይል።

«ይዣለሁ። የማን ነው ኀዘኑ?»

«የሻምበል ነው እንጂ።»

«የትኛው ሻምበል?»

ዳኛው ቀና አለ። መዶሻው ከእጁ ወደቀ። «በስመ አብ! አንቱ... አልሞቱም እንዴ?»

«ትናንት ሐኪም አይቶኛል። እሱስ ምንም አላለኝም።»

ሰው መሳቅም መቆጣትም አቃተው። በዚህ መሃል አክስቴ ከወልድያ ደረሰች፤ እድሩ አስከሬኑ መቼ እንደሚነሣ እንዲጠይቃት በሌሊት ሹፌር ልኮባት ኖሯል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «አባዬን! አባዬን!» እያለች ከአስፋልቱ ጀምራ መጣች። አባዬዋን ምሰሶ ይዘው ስታገኛቸው ደረታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ቀጥሎ ዞራ እኔን አየችኝ። ሁሉም እኔን አየኝ። «አሜን ብላኛለች!» አለች የጽሕፈት ቤቷ ልጅ።

አያቴ ምሰሶውን ለሌላ ሰው አቀበሉና አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። «ወረቀቱ ታትሟል?» አሉ። ታትሟል። የእድሩ ጸሐፊ ብዙ ኮፒ ይዞ መጥቷል። «ከመጣችሁ አይቀር አንብቡት።»

«ኧረ ሻምበል፣ ሟርት ነው!»

«እኔ ነኝ የምሰማው። አንብብ።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጸሐፊው አነበበ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደረሰ። «በምሥራቅ ግንባር ለፈጸሙት አኩሪ ጀብዱ የሜዳይ ተሸላሚ ሲሆኑ...» አያቴ እጃቸውን አነሡ። ወደ እኔ አዩ እንጂ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ጠዋት የጠላት ሰፈር ነው ተብሎ የውሃ ጉድጓድ ምቱ ተባልን» አሉ። «ከላይ ሲያዩት ሰው ትንሽ ነው ይላሉ። ጠዋት ጥላ ይረዝማል። ረጃጅም ጥላ አየሁ፣ ከጎኑ ደግሞ አጫጭር ጥላ። ሴቶችና ልጆች ነበሩ፣ ግመል ያጠጣሉ። አልፌ ቦምቡን ባዶ አሸዋ ላይ ጣልኩና ተመለስኩ። መታህ ወይ ሲሉኝ መታሁ አልኩ። ሜዳዩ ለዚያ ነው። ባለመግደሌ አልጸጸትም። የሸለሙኝ ግን ገደለ ብለው ነው። ሌላ ቀን ሰው ያለበትን መትቻለሁ፤ በዚያ ማንም አልሸለመኝም። ሁለቱንም ጻፉት።»

ቀድሞ አፉን የከፈተው ከጉባ ላፍቶ በኩል የመጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን አስደበቀዎ? እኛ እኮ ብርቱካንዎን እንጂ ሜዳይዎን አልበላን።»

ያኔ ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ሆነ። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። ከወንበሯ ተነሥታ ኮፒዎቹን ከሰዉ እጅ አንድ በአንድ ሰበሰበች። ምን ልታደርግ ነው ብዬ ፈራሁ። መጥታ ጭኔ ላይ ዘረገፈቻቸው።

«እንደ ገና ጻፊው» አለችኝ። «ደግሞ ነፍስ ይማር ሲሉሽ ዝም በይ!»

ዘጠነኛውን ጻፍኩ። ጉድጓዱ ገባ፣ ጥላዎቹ ገቡ፣ ሌላው ቀንም ገባ፣ የውርጌሳው ሹፌር እንኳ ገባ። ማሳው ዳር ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገምኩላቸው። ቦዩን ሊቀይሩ አልሄዱም። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ለሚያርፉበት ቀን ባዶ ቦታ ትቼ ነበር፤ እሷንም አነበብኩ። «ተሰምቷል» አሉ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ልባቸው ደከመ። ጥሩንባው ዳግም ሲነፋ ዳኛው ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ፣ አይቶ፣ ከዚያ ነው ያስነፋው። አክስቴ ከወልድያ መጣች፤ ሜዳዩን አላመጣችም። ከማንበቤ በፊት ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ ሰጠችኝና ባዶዋን ቦታ ሞላሁ፦ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.