ሁለተኛ ያገባው ዲያቆን

ሰው ሃምሳ ሰባት ዓመት ሲሞላው የሚያምረው ነገር ይታወቃል። ጋቢ ደርቦ ፀሐይ መሞቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ የጎረቤት ልጅ መቆጣት። ተክለማርያምን ግን አገር አቋርጦ ወንጌል ማስተማር አማረው። እንግዲህ ምን ይባላል!

ተክለማርያም ኮልፌ ገበያ አጠገብ፣ በዩሱፍ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና የረገጠ ልብስ ሰፊ ነው። ከዚያ በፊት የጎጃም ዲያቆን ነበር። በልጅነቱ ከጳጳስ እጅ ዲቁና ተቀብሎ፣ በቁርባን አግብቶ፣ ዓመት ሳይሞላ ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት። ሐዘኑን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። እዚህ ወለተጻድቅን አየ፤ ሽማግሌ ላከ፤ ምስክር አስቀምጠው፣ ተፈራርመው በሰማንያ ተጋቡ። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሰላም ግን ሰጥቷቸዋል።

ነገሩ የጀመረው በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ነው። ቅዳሴ እንዳለቀ አንድ የማያውቋቸው መነኩሴ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ወጥተው ደብዳቤ አነበቡ። በጋሞ ጎፋ በኩል፣ መኪና የማይገባበት ቆላ፣ አርባ ሦስት ሰዎች ክርስቲያን እንሁን ብለው፣ እንጨቱን ራሳቸው ቆርጠው፣ በሣር የተከደነች ቤተ ክርስቲያን ሠርተው የሚያጠምቃቸው ካህን ይጠብቃሉ። ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ሲጠብቁ ሲጠብቁ ሦስት ሽማግሌዎች ሳይጠመቁ ሞተውባቸዋል። «የምትልኩልን ሰው ቢያረጅም ግድ የለም፤ ተሸክመን እናደርሰዋለን» ይላል ደብዳቤው። መነኩሴው ወረቀቱን ሲያጥፉ ተክለማርያም እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሰው አልሆነም። ሱሪ ስፋ ሲሉት ኮት ይቆርጣል። ዩሱፍ ለጥቂት ቀን ታገሠውና አንድ ረፋድ የተሰፋ ሸሚዝ አንሥቶ አየው።

«ተክሌ፣ የሰውን እጅጌ አንዱን ረጅም አንዱን አጭር አድርገህ ነው ለፈጣሪ ሥራ የምትሄደው?»

«እየጠራኝ ነው ዩሱፍ። ሌሊትም ቀንም እየጠራኝ ነው።»

«የጠራህ እሱ ከሆነማ ሂድ። መኪናህን እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

ዩሱፍ ለቀልድ የተፈጠረ ሰው ነው፤ ይህን ሲል ግን አልቀለደም።

ችግሩ ወዲህ ነው። ሚስቱ የሞተችበት ዲያቆን መንኩሶ ቅስና መቀበል ይችላል። ሁለተኛ ያገባ ግን ክህነቱ ፈረሰ፤ ከእንግዲህ እሱን ቄስ የሚያደርግ ጳጳስ የለም። ይህንን የማያውቅ የቆሎ ተማሪ የለም፤ ተክለማርያምም አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም ልብ አንድ ነገር ከቋመጠ ማምለጫ አያጣም። የሰማንያ ጋብቻ ቤተ ክርስቲያን አልገባ፣ ካህን አልባረከው፤ ታዲያ በምን ሒሳብ ከጋብቻ ይቆጠራል? እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነና፣ ሰባኪ የሚልከው ማኅበር በሰጠው ቅጽ ላይ «ሚስቱ የሞተችበት ዲያቆን» ብሎ ጻፈ። ሃያ ስድስት ዓመት ትኩስ ውሃ አሙቃ እግሩን ያጠበችውን ሴት በሦስት ቃል አጠፋት።

ደግሞ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው፤ ማታውኑ ለራሷ ለወለተጻድቅ አነበበላት። እሷ ቅጹን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ «ከአርባ ሦስቱ ውስጥ ሕፃናት አሉበት?» አለችው።

«አሉበት።»

በማግስቱ የስንቅ ገብስ ስትቆላ ዋለች።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ የማኅበሩ ኃላፊ አባ ጽጌማርያም ሳይታሰቡ መጡ። ሰባን ያለፉ መነኩሴ ናቸው፤ ከጦር ኃይሎች በእግራቸው፣ ሰው እየጠየቁ ነው የደረሱት። ለምንኩስና የታጨ ሰው አኗኗሩ ይታያል፤ ደንብ ነው። በሩን የከፈተችላቸው ወለተጻድቅ ናት።

«የዲያቆን ተክለማርያም ቤት ይህ ነው? አንቺ ማን ነሽ ልጄ?»

«ሠራተኛቸው ነኝ አባ።»

ተክለማርያም ከመደቡ ላይ ሆኖ ሰማ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል?

ወለተጻድቅ የእንግዳውን እግር አጠበች። ሽሮ አቀረበች። ከዚያ በገዛ ቤቷ፣ ራሷ በለቀለቀችው ግድግዳ ሥር፣ ነጠላዋን አደግድጋ እጇን አጣምራ ቆመች። አንድ ጊዜ እንኳ ባሏን አላየችም። ሠራተኛ ጌታዋን አፍጥጣ አታይምና።

«መልካም ሴት ናት» አሉ አባ ጽጌማርያም እየጎረሱ። «አንተ ስትሄድ ምን ይውጣት ይሆን?»

«ለሠራተኛ ቤት አይጠፋም አባ» አለች እሷው።

አባ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ከደረታቸው አወጡ። ማክሰኞ ይመነኩሳል፤ ጳጳሱ ቅስናውን ይሰጡታል፤ ለፋሲካ እዚያ ይደርሳል። ከተክለማርያም የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም ሊልም ቆርጦ ነበር። ሌላ ጉርሻ ጠቀለለ። ቀና ሲል ግን የወለተጻድቅን እግር አየ፤ መቆም ሲበዛባት እንደምታደርገው አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ደርባለች። ጉልበቷን እንደሚያማት ከእሱ በቀር ማን ያውቃል?

«ሚስቴ ናት» አለ።

አባ ጽጌማርያም እጃቸውን ከመሶቡ መለሱ።

«በምን ተጋባችሁ?»

«በሰማንያ።»

«ሰማንያም ጋብቻ ነው ልጄ።»

ቢቆጡት በተሻለው። አልተቆጡም። ወረቀቱን ቀስ ብለው አጥፈው ወደ ደረታቸው መለሱት።

«አባ፣ ሳልቀስስ ልሂድላቸው። ፊደል ላስቆጥር፣ ውሃ ልቅዳላቸው።»

«ፊደል የሚያስቆጥር ልከንላቸዋል። ያጡት አጥማቂ ነው።»

«ታዲያ ማን ይሄድላቸዋል?»

ሽማግሌው ሊሄዱ ተነሡ። «ከአንተ በቀር የተመዘገበ የለም» አሉ። ሁለቱንም በመስቀላቸው ባርከው ወጡ። ተክለማርያም እስከ ፌርማታው ሸኛቸው።

ሲመለስ አንድ ነገር ያጽናናው ነበር። ሁሉም ቢቀር ወለቴ ደስ ይላታል ብሎ አስቦ ነበር። እሷ ግን መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል።

«ለምን ተናገሩ?» አለችው።

«ግድግዳ ሥር ቆመሽ እያየሁሽ እንዴት ልካድሽ?»

«ብቆምስ? ቢክዱኝ ምን ነበረበት? እኔ እንደሆነ ሕፃን ሳለሁ ክርስትና ተነሥቻለሁ። እነዚያስ?»

ተክለማርያም ከበሩ ሳይገባ ቆመ።