ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው

ጋሽ ሜትሮ የሚሉት መለኪያ ሜትሮው ከአንገቱ ስለማይወርድ ነው። ሶፋ ያለብሳል፣ የወንበር መደገፊያ ይጠግናል፤ አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ ይቆርጣል። የሥራ ባልደረባው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ደግሞ ከእጁ የሚቀድም፣ ቅጽል ስሙም ችኩሌ። በአንዲት ክፍል፣ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዓመታት አብረው ሠርተዋል፤ ሳይከራከሩ የዋሉበት ቀን ግን የለም።

"ጋሼ፣ ይሄ ስፖንጅ ቀጥኗል" ይላል አንዱ።

"የቀጠነው ዓይንህ ነው" ይላል ሌላው።

መዶሻው ሲጮህ ክርክሩ ይዋጣል። ምሳ ሲደርስ ማን እንደረታ የሚያስታውስ የለም።

ኋላ ችኩሌ ራሱ ጋሼን የሶፋ ባለሙያዎች ግሩፕ ውስጥ አስገባው። ነገሩ የተበላሸውም እዚያ ነው።

አንድ ጠዋት ደንበኛ ሌላ ቦታ የተሠራ ሶፋ ይዞ መጣ። ጋሽ ሜትሮ ጨርቁን ሲገልጠው ስፖንጁ ከጣውላው ተላቅቆ እንደ ውሻ ምላስ ተንጠልጥሏል። ፎቶ አነሳና ግሩፑ ላይ ለጠፈ። ከሥሩም "ስፖንጅ በማስቲሽ ብቻ አጣብቆ የሚሸኝ ሰው ባለሙያ አይባልም" ብሎ ጻፈ። ማንንም አላሰበም። ችኩሌ ግን ጨርቅ ሊገዛ ወጥቶ ነበርና ሶፋው ሲገባ አላየም። ሥራ ሲበዛበት በማስቲሽ ብቻ የሚያልፍበት ቀን ነበረው። መንገድ ላይ ሆኖ አነበበና "የድሮ ሥራዬ ተመልሶ መጥቶ ነው፤ እኔን ነው" አለ።

"የአንዳንዱ ሰው ዕድሜ ይሄዳል እንጂ ሥራው ቆሞ ቀርቷል" ሲል መለሰ።

ጋሽ ሜትሮ ሲያየው ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሯል። የማያውቃቸው ሰዎች "ኧረ በላቸው!"፣ "ሽማግሌው፣ ምነው ዝም?" ይላሉ። ስድቡ ብቻውን ቢሆን በሳቅ ያልፈው ነበር፤ ያቃጠለው ተመልካቹ ነው። እሱም የባሰ ጻፈ። ችኩሌ ተመልሶ ጨርቁን ጥሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶት ተቀመጠና ጻፈ። አንዱ በላከ ቁጥር የሌላው ስልክ ከኋላው ቲንግ ይላል። ከአፋቸው የሚወጣው ግን "ጉጠቱን" እና "እንካ" ብቻ ሆነ።

በሳምንቱ መጨረሻ ችኩሌ ሌላ ቦታ ማግኘቱን ተናገረ። የተያዘውን የቆዳ ሶፋ ጨርሶ ይሄዳል።

ማታ ሚስቱ ጋሽ ሜትሮን በር ላይ ጠበቀችው። "ባሌንና ወንድሜን ስልክ ሊያፋታብኝ ነው? አንተ ትልቁ ነህ፣ አንድ ነገር በለው እንጂ!"

"ያ ሁሉ ሰው እያየ ምን ልበል?"

"ሰዉ የሚያየው እኮ ስልኩ ላይ ነው። ሱቃችሁ ውስጥ ማን አለ?"

ሰኞ ቆዳውን መወጠር ጀመሩ። ቆዳ ብቻህን አትወጥረውም፤ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይመታል።

"ሳብ።"

"ስቤያለሁ።"

"ይሄ መሳብ ነው? የድመት ጅራት ነው እንዴ የያዝከው?" አመለጠው ጋሽ ሜትሮን፣ እንደ ድሮው።

"አንተስ ምስማሩን እያስታመምከው ነው?"

ሁለቱም ሳቃቸውን ዋጡት። ትንሽ ቆይቶ ችኩሌ ቀና ሳይል፣ "ማስቲሽ ብቻውን እንደማይበቃ እኔም አጥቼው አይደለም" አለ።

"ታዲያ እዚያ ለምን አልጻፍከውም?"

"እዚያማ! ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ? ሞቼ ነው!"

"ፎቶው ያንተ ሥራ አልነበረም። ደንበኛ ከሌላ ቦታ ያመጣው ነው።"

ችኩሌ የያዘውን ቆዳ ለቀቀው። "ምነው አልነገርከኝም?"

"ስትሰድበኝ ሰው ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ማስረዳት መለማመጥ መሰለኝ።"

ጋሽ ሜትሮ መዶሻውን አስቀመጠ። እዚህ ክፍል ውስጥ የተረታ ሰው ወደ ሥራው ዞር ይላል፣ አለቀ። እዚያ ግን መድረክ ላይ ነው፤ መውረጃ ደረጃም አልተሠራለትም። ካልዘለለ አይወርድም። ስልኩን አወጣና በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈ፦ "ሶፋው ከየት እንደመጣ መናገር ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አማቼ ጎበዝ ባለሙያ ነው።"

ወዲያው አንዱ "ሽማግሌው እጅ ሰጠ!" አለ። ሳቁ ተደረደረ። የጋሽ ሜትሮ ጆሮ ጋለ፤ ስልኩን ግን ደፍቶ አስቀመጠው።

ችኩሌ የራሱ ስልክ ላይ አንብቦ ብድግ አለ። "ይሄን ሰውዬማ አልለቀውም! ማንን ነው ሽማግሌ የሚለው?"

"ተው።"

"አንተን እኮ ነው የሰደበው፣ ጋሼ!"

"አይቻለሁ። ና፣ ያንን ጥግ ሳብልኝ።"

ችኩሌ እያጉረመረመ ሳበ።

"በደንብ።"

"ስቤያለሁ አልኩህ!"

"አልሳብክም።"

እየተነታረኩ ጥጉን መቱት፤ ቆዳው ያለ አንዲት ሽብሽባት ተወጠረ። ሊዘጉ ሲሉ ችኩሌ መደርደሪያውን አየት አደረገና፣ "ስፖንጅ እኮ አልቋል፣ ከዚህ ሶፋ ቀጥሎ ያሉትን ወንበሮች በምን ልንሠራ ነው? በቃ፣ ነገ በጠዋት እኔ ገዝቼ እመጣለሁ" አለ።

"ወፍራሙን" አለ ጋሽ ሜትሮ።

"አውቃለሁ!"